ባቡር ፎቶ ላነሣ ቆላ ወርጄ

መንዝ ውስጥ ባቡር የለም። ኖሮም አያውቅም። ይህን ማንም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን መሐል ሜዳ ያለችው ፎቶ ቤቴ ገብታችሁ ግድግዳውን ብታዩ ጣቢያ የደረሳችሁ ይመስላችኋል። የሙሽራ ፎቶ መሰቀል በሚገባው ቦታ ሁሉ ባቡር ነው የተሰቀለው። ጥቁር ባቡር፣ ቀይ ባቡር፣ በረዶ ውስጥ የሚሄድ የውጭ አገር ባቡር፣ ከድሮ የቀን መቁጠሪያ የቆረጥኩት፣ ከስልክ አውርጄ ያተምኩት። ባለቤቴ «ሰው ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሣ ገብቶ ትኬት ቁረጥልኝ ይልሃል አንድ ቀን» ትላለች። ትበል። ሰው በቅሎ ይወዳል፣ ሰው ጠላ ይወዳል፤ እኔ ባቡር እወዳለሁ። ምን አጠፋሁ?

ይባስ ብሎ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። የአዲስ አበባውን የከተማ ባቡር አትቁጠሩብኝ፤ እሱን ተጨፍልቄ፣ ኪሴን በእጄ ጨብጬ ነው የሄድኩበት። እኔ የምለው የድሮውን ነው፤ ያንን ቆላ ለቆላ እየጮኸ ይሄድ የነበረውን።

ፍቅሩ ከየት መጣ ቢባል ከአንድ ፎቶ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ በደርግ ጊዜ ሚስቱን ቤት ትቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደ። ባቡር ላይ ተቀጠረ ተባለ። አንድ ጊዜ በመንገደኛ እጅ ሻሽ ላከ፤ አንድ ጊዜ ፎቶ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ፎቶው ላይ ከባቡሩ አፍንጫ አጠገብ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከኋላው ቅስት መስኮቶች ያሉት የድንጋይ ጣቢያ ይታያል። ቆሟል ስል፣ ቆሞ ነበር ማለቴ ነው። አንዱን ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ባቡሩን ትቶ ሰውየውን አጠበው። ከአጎቴ የቀረው ሁለት እግርና አንድ ክርን ነው። ልጅ ሆኜ እትዬ ቤት፣ ማለት የአጎቴ ሚስት ቤት በሄድኩ ቁጥር ያንን ፎቶ አውርደው ያሳዩኛል። እሳቸው እግሩን ያያሉ፤ እኔ ባቡሩን አያለሁ።

ክረምት ለፎቶ ቤት ሞት ነው። ሠርግ የለ፣ ምርቃት አልፏል፣ ጭጋጉ ደጃፍ ላይ ቆሞ አልወጣም ይላል። የሚመጣ ሥራ ቢኖር ያው የሟች ፎቶ ነው። ዘመድ ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እኔ አሳድጌ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገብቼ እሰጣለሁ፤ እሱን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያቆሙታል። በዚህ ሥራ ስንቱን የመንዝ ሰው ሸኝቻለሁ። ባለፈው ሐምሌ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። ከብርዱም ከለቅሶውም ሸሽቼ፣ ቅስት መስኮት ያላትን አሮጌ ጣቢያ አይቼ፣ ግቢዋ ውስጥ የቆሙትን የድሮ ባቡሮች አንስቼ ልመለስ ወሰንኩ። ጣቢያዋን አንድ የማላውቀው ሰው ስልክ ላይ ለጥፏት ነው ያገኘኋት። ስሟን አልጠራም፤ ፎቶ እንዳነሣ ዝም ብለው ያሳለፉኝን ሰው ላስቀጣ አልፈልግም።

«ሰው ክረምት ላይ ጠበል ይሄዳል፤ አንተ ዝገት ልታይ ትሄዳለህ?» አለች ባለቤቴ። ሹራብ ግን ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ቆላ ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ።

ወሬ ከሰው ይፈጥናል። ልነሣ ስል በገበያው ቀን እትዬ ፎቶ ቤት ከተፍ አሉ። የሱፍ ፈትላቸውን ሸጠው ነው የመጡት፤ የደረቡት ባና ዝናብ ጠጥቶ ከብዷቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ባቡሮች አንድ በአንድ እንደ ሰው አዩዋቸው።

«ባቡር ጣቢያ ልትወርድ ነው አሉ።»

«አዎ እትዬ፣ ፎቶ ላነሣ ነው።»

«ያችኛዋ ናት?»

«ያችኛዋ ትመስለኛለች። መስኮቶቿ ያው ናቸው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር አረጋግጠህልኝ ና» አሉ። «አለ ወይስ የለም? ካለ ይኑር፣ እሰይ። ከሌለ ግን ላልቅስ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳልኩ አረጀሁ እኮ!»

«ባል አለኝ በቆላ ነዋ የርስዎ» አልኩ፣ ላስቃቸው ብዬ።

«አትሳቅ። በየዓመቱ ስም ለጸሎት ሲሰጥ አባ ይጠይቁኛል። ከሕያዋን ላድርገው ወይስ ከሙታን ይሉኛል። አንዱን ዓመት ከሕያዋን እላለሁ፤ ሌላውን ዓመት ልቤ ይፈራና ከሙታን እላለሁ። አምናማ ግራ ቢገባኝ 'እርስዎ እንደወደዱ ያድርጉት' ብያቸው ወጣሁ። የሰው ለቅሶ ላይ ደረቴን እደቃለሁ፤ የራሴን ባነሣ ያልሞተን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ይሉኛል። ጥቁር ልልበስ? ቀለም ልልበስ? እስቲ ንገረኝ፤ አንተ የተማርክ ነህ።»

ምን እላለሁ። ከፎቶ ውጭ የተማርኩት ነገር የለም። «አረጋግጬ እመጣለሁ» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

ከመሐል ሜዳ ሞላሌን አልፎ እስከ ደብረ ብርሃን መንገዱ ጭጋግ ነው፤ ሾፌሩ ራሱ መስኮት ከፍቶ አንገቱን እያወጣ ነበር የሚነዳው። ከዚያ ወዲያ በመኪና ላይ መኪና እየቀየርኩ ወረድኩ። እየወረድኩ ሹራቡን አወለቅሁ፣ ጃኬቱን አወለቅሁ፣ በመጨረሻ ጫማዬን ባወልቅ ደስ ባለኝ። ጣቢያዋ ስደርስ ልቤ ድው ድው ይላል። ሙሽራ ለማየት የሄደ ሰው እንኳን እንዲህ አይሆንም።

እና ደረስኩ። አቤት! ቅስት መስኮቶቿ አሉ። ግድግዳዋ ተላልጧል፤ ደወሉ የተሰቀለበት ብረት አለ፣ ደወሉ የለም። ሃዲዱ መካከል ሣር በቅሏል፤ አንዱ ፉርጎ ውስጥ ፍየሎች ተኝተዋል። ባቡሮቹ ቆመዋል። ከስልኬ እትዬ ቤት ያለውን የአጎቴን ፎቶ አውጥቼ (ከመምጣቴ በፊት በስልኬ አንስቼው ነበር) ካለሁበት ጋር ላመሳስለው ሞከርኩ። ችግሩ እዚያ ላይ ጀመረ። አፍንጫው እንደዚያ የሆነ ባቡር አንድ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ናቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት፣ ሦስቱም ቁጥራቸው የተፋቀ። መስኮቶቹም በወዲያ በኩል ያሉት በወዲህ በኩል ካሉት አይለዩም። የቱ ባቡር ነው? አጎቴ በየት በኩል ነው የቆመው? እንደ ዛር ፈረስ ስዞር ዘበኛው መጡብኝ።

ዘበኛው ድሮ እዚያው ባቡር ላይ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ከመንዝ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ የአጎቴን ነገር ስነግራቸው ደግሞ ጭልም አለ።

«የመንዙ ሰው? እሱማ ሞቷል ልጄ! ወባ ነው የገደለው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።»

ከኋላችን ግን ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች፤ ማማሰያዋን እንደያዘች ብድግ አለች።

«ኧረ ወላሂ! ማንን ነው የሚሉት? የሞተው የጎጃሙ ነው! የመንዙማ አምና ድረስ እዚህች ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። በዚህ ሙቀት ጋቢ የሚደርብ ሌላ ማን አለ?»

«አምና ያየሽው ነው የጎጃሙ!»

«ሞተ ያሉት ሰው ሻይ ይጠጣል እንዴ?»

«የሞተው የመንዙ ነው አልኩሽ!»

«እሺ፣ አሁን የት አለ?» አልኳት በመሐል ገብቼ።

ማማሰያዋን አወረደች። «ዘንድሮስ አላየሁትም። ሞተ ያለኝም የለ፣ ሄደ ያለኝም የለ። መሬት ትዋጠው ሰማይ፣ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ሴትዮዋ አየችና «በእግር ሰው ይታወቃል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ክርኑ የሱ ነው» አሉ።

«የቱ? የሞተው?»

«እሱን እንግዲህ አላውቅም።»

አበድኩ። እሳቸው ሞቷል ያሉት ሰው ነው ወይስ እሷ አለ ያለችው? ሁለት ሰው ናቸው ወይስ አንድ? ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሄድኩ፤ መቃብሮቹ ላይ ድንጋይ ተቆልሎባቸዋል እንጂ ጽሕፈት የለባቸውም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ጅቡቲ ሄደ አለኝ፣ አንዱ እንዲያውም መንዝ ተመልሷል አለኝ። መንዝ ተመለሰ! እኔ ከመንዝ መጥቼ!

ወደ ማታ ግን ፀሐይ ዝቅ ስትል ጣቢያዋ ላይ ብርሃኑ እንዴት እንደወረደ ብታዩ ኖሮ ትፈርዱልኝ ነበር። ዝገቱ ወርቅ መሰለ። ከሦስቱ መካከል አንዱ፣ መብራቱ ያልተሰበረው፣ አፍንጫውን ወደ እኔ አዙሮ ቆሟል። ከጀርባው ቅስት መስኮቶቹ። እውነቱን ልናገር? አጎቴን ረሳሁት። ተንበርክኬ አነሣሁ፣ ተኝቼ አነሣሁ፣ ፍየሎቹ መሐል ገብቼ አነሣሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሴትዮዋ «ይሄ ሰው ዘመድ ፍለጋ ነው የመጣው ወይስ ብረት ሊገዛ?» ስትል ሰምቻለሁ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት እትዬን ምን እንደምላቸው ነው። ሞቷል ብል ዋሸሁ፤ አለ ብል ዋሸሁ። በመጨረሻ የሰማሁትን ሁሉ እንደሰማሁት ልነግራቸው ቆረጥኩ፤ ይፍረዱ። ባዶ እጄን መሄዱ ግን አሳፈረኝ። ያቺ ያፈሰሰባት ፎቶ ይብቃት ብዬ፣ ካነሣኋቸው ሁሉ ምርጡን፣ ያንን አፍንጫውን ያዞረውን ባቡር፣ በትልቁ አተምኩላቸው። ፍሬም ብፈልግ ቤት ያለው ያው ጥቁሩ ነው። አስገባሁት። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቀለልኩት፣ በላዩ ላይ የባለቤቴን ነጭ ነጠላ አለበስኩት። አማረ።

የእትዬ ቤት ጓሳ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከመኪና መንገዱ ወርዶ በእግር፣ መሐል ላይ ወንዝ አለ። ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጥል ወንዙ ይሞላል፤ ስለዚህ ሰው የሚሻገረው በማለዳ ነው፣ እሱም ብቻውን አይደለም። ዳር ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል፤ ሦስት አራት ሲሆን እጅ ለእጅ ተያይዞ ይገባል። እኔም ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ስደርስ ሦስት ሰዎች ቆመው አገኘሁ። አንዱ አባ ናቸው፣ የእትዬ የንስሐ አባት፤ ወደ ደብራቸው መሄዳቸው ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ የወሰን ጠብ ሊሸመግሉ ወደዚያው መንደር የሚሄዱ ናቸው።

«እንደምን አደራችሁ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከወዴት ነው?»

«ቆላ ከርሜ መምጣቴ ነው፤ ከባቡር ጣቢያ። እትዬ ዘንድ ልደርስ ነው።»

ሦስቱም የታቀፍኩትን አዩ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁና «የሱ ፈቃድ ነው» አሉ። እኔ ወንዙን መስሎኝ «ዛሬስ ጎድሏል፣ ይመስገን» አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ሳልጠይቃቸው ፍሬሙን ከእጄ ተቀብለው እንደ ሕፃን ታቀፉት። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው አልኩ በሆዴ። ተሻገርን። ማዶ ስንወጣ ሁለቱም ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አወለቁና አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ለበሱ። ረጥቦባቸው ነው አልኩ። ባዶ እጃቸውን የነበሩት ሽማግሌ «እኔ ቀደም ልበል፣ ጎረቤት ልቀስቅስ» ብለው በአቋራጭ ሮጡ። ለወሰኑ ጠብ ነው አልኩ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ሰው አንድ ነገር አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ስለ ባቡሩ ልነግራቸው አፌን ይበላኛል፤ ስጀምር አባ «በቃ ልጄ፣ እዚያው እንደርሳለን» ይሉኛል።

እንግዲህ ሥርዓታችንን የማያውቅ ካለ ልንገረው። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ ላይም አይነገርም። በማለዳ፣ ባለቤቲቱ ውሃ ሳትወርድ፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጅ ይቆማል። መርዶ ይዞ ከሩቅ የመጣውን ሰው ማንም በመንገድ አይጠይቀውም፤ ሸክሙ እንዳይከብደው። ይህን አላውቅም እንዳልል በለቅሶ ፎቶ ነው የምተዳደረው። ያን ዕለት ግን ደንቆሮ ሆንኩ። ልቤ ፍሬሙ ውስጥ ነበር።

የእትዬ ደጅ ስንደርስ ጎረቤቱ አጥሩ ሥር በጭጋጉ ውስጥ ቆሟል። ሴቱም ወንዱም፣ ዝም ብሎ። እኔን ሊቀበል መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ፈገግ አልኩ! በሩ ተከፈተ። እትዬ ማሰሯቸውን ይዘው ወጡ። አባን አዩ። የተዘቀዘቀውን ጋቢ አዩ። በነጭ ነጠላ የተጠቀለለውን ፍሬም አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እኔን ነው ረጅም ጊዜ ያዩኝ። እኔም ጥርሴን ገልጬ፣

«እትዬ፣ አመጣሁልዎት!» አልኩ።

ማሰሮው ወደቀ። «ወየው!» አሉ፣ «ወየው! ወየው!» ደረታቸውን ደቁ፤ መሬት ላይ ተዘረጉ፤ መንደሩ ሁሉ አብሮ እሪ አለ። ያኔ ገባኝ። «አይደለም! አይደለም!» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? አንዲት ሴትዮ አንገቴን አንቃ «አይደለም አትበል የኔ ወንድም፣ ጉድ ሆነናል» እያለች ታለቅሳለች። ለካ «አይደለም» ማለት ራሱ ለቅሶ ነው።

አባን በግድ ከአጥሩ ጀርባ ጎተትኳቸው።

«አባ፣ እኔ እኮ መርዶ አላመጣሁም!»

«እንዴት አላመጣህም?»

«ፎቶ ነው ያመጣሁት። የባቡር ፎቶ።»

ዓይናቸው ፈጠጠ። «ታዲያ ሰውየው አለ?»

«አላውቅም።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም አባ። አንዱ ሞቷል አለኝ፣ አንዷ አለ አለችኝ።»

አባ መስቀላቸውን ጨብጠው ወደ ደጁ አዩ። የዕድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው፤ እዝን የያዙ ሴቶች ከማዶ እየመጡ ነው። «አሁን ይህን ሁሉ ሕዝብ ተመለስ ልበለው?» አሉ። «እግዚኦ» ብለው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

ሽማግሌው ፍሬሙን ድንኳኑ ውስጥ አቁመው ነጠላውን ገለጡት። ባቡር! ያ ሁሉ ለቀስተኛ አንድ አፍታ ጸጥ አለ። እንግዲህ ይሳቅብናል፣ እንግዲህ ያበቃል አልኩ። ማን ይስቃል? አልቃሿ ባቡሩን አየችው፣ ራሷን ያዘች፣ ቀጠለች፦

«ባቡሩስ ደረሰ ጭሱ እየታየ፣
ተሳፋሪው የታል መንገድ የዘገየ?»

ድንኳኑ ተርገፈገፈ። እኔም አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ላጎቴ ነው፣ ለእትዬ ነው፣ ለራሴ ቂልነት ነው፣ እንጃ። ሲመሽ የአጎቴ አሟሟት ሦስት ዓይነት ሆኗል። ከባቡር ወደቀ የሚል አለ፣ ሃዲድ ላይ ተኝቶ ነው የሚል አለ፣ የለም፣ እስከ መጨረሻው መሪውን ሳይለቅ ነው የሞተው የሚል ጀግና አድራጊም ተገኘ። ባለቤቴ ደወለች፤ «አጎትህን ባቡር ገጨው አሉ፣ እውነት ነው? ምነው ለኔ ሳትነግረኝ?» አለች። «ማን ነገረሽ?» ብላት «ገበያው ሁሉ!» አለችኝ። ምን ይዋጠኝ! የዘመድ ቦታ ተሰጥቶኝ ተቀምጫለሁ፤ የሚገባ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል፣ እኔም «አሜን» እላለሁ። እትዬን ሹልክ ብዬ ላናግራቸው ስሞክር ሴቶች ከበዋቸዋል። እሳቸውም ወደ እኔ አያዩም። ይህን ሁሉ ለቅሶ በእኔ ቂልነት እንደተሸከሙት ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

በሠልስቱ ዕለት፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ራሳቸው አስጠሩኝ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ጓዳ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«እትዬ፣ ማሩኝ። እኔ መርዶ አላመጣሁም። ሞቷል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«አውቃለሁ አልኩህ። መርዶ ነጋሪ ይስቃል እንዴ? ጥርስህን ገልጠህ እኮ ነው የመጣኸው።»

«ታዲያ… ታዲያ ለምን ጮሁ?»

የተላጨ ራሳቸውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ገና እንዳልለመዱት።

«ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጄ ቆሞ አየሁ። ለኔ ብሎ። ስንት ዘመን የሰው ደጅ ስቆም ኖሬ የኔ ደጅ አንድ ቀን ማን ቆመ? አይደለም፣ ተሳስታችኋል፣ ሂዱ ልበላቸው? ከዚያስ? እንደገና ልቀመጥ?»

ቁጣም አልነበረባቸው፣ ኃፍረትም አልነበረባቸው። እኔ ግን ጭራሽ ዞረብኝ። እውነቱን ሳልነግራቸው ብቀር ያንቀኛል መሰለኝ።

«እትዬ፣ ግን እዚያ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት…»

እጃቸውን አንስተው አፌ ላይ ጫኑት። ሱፍ ሲፈትል የኖረ እጅ ሻካራ ነው፤ ጠበቅ አድርገው ነው የያዙኝ።

«እንዳትነግረኝ» አሉ። «አለ ብትለኝ መጠበቅ አለብኝ። አልችልም፤ ደከመኝ። ከሄደ ጀምሮ በሬን ቀርቅሬ ተኝቼ አላውቅም፤ ሌሊት ቢመጣ ደጅ እንዳይቆም ብዬ። ብርዱ ይገባል፣ ጅብ ደጄ ድረስ ይመጣል፣ አልቀረቅርም። ትናንት ማታ ቀረቀርኩት። እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደወሰደኝ!»

እጃቸውን ከአፌ ላይ አነሱ። ወጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለቀስተኛ ሲገባ እንደ ሰዉ ሁሉ ብድግ አልኩ።